አየር የቆነጠጥኩባት ዝንብ

ጥር 4
ዛሬም ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ቀዳሁት። ባለቤቴ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ "አንተ ሰውዬ፣ ጠረጴዛው ጠምቶታል እንዴ?"
ሲደክመኝ ግራ ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ሽርሽር ይወጣል... ምን ላድርገው? ላስረው?

ጥር 7
መርዶ። የመጋዘኑ የዕቃ ማንሻ (ፎርክሊፍት) ነጂዎች በሙሉ ቅርብና ሩቅ መለየታችን በዓይን ሐኪም ሊመረመር ነው። የወደቀ ከመሪው ወርዶ ካርቶን ይሸከማል። በዚህ ወገቤ?

ጥር 9
ሬዲዮ ተመርምሮ መጣ። (ባልደረባዬ ነው፤ ወሬ አያድርበትም።)
"ቀላል ነው ወንድሜ! ጠቆር ያለ መነጽር ያደርጉልህና የትልቅ ዝንብ ሥዕል ያሳዩሃል። ክንፏን ያዝ ሲሉህ ወረቀቱን እንዳትነካ። ከላይ አየሩን ቆንጥጥ።"
"አየሩን ለምን?"
"ክንፉ ብድግ ብሎ ነዋ የሚታየው!"
ለእኔ ሥዕል ከወረቀቱ ተነስቶ አያውቅም። ግን አየር መቆንጠጥ ማንን ያቅተዋል?

ጥር 10
ልምምድ። ጋዜጣ ዘርግቼ አየር ስቆነጥጥ ባለቤቴ ደረሰች።
"ጨው እየነሰነስክ ነው ወይስ ለይቶልህ ነው?"

ጥር 12
ተዋረድኩ!
መርማሪዋ ልጅ እግር ናት፤ አንደበቷ ማር። ጠቆር ያለውን መነጽር አድርጋልኝ ዝንቧ ያለችበትን መጽሐፍ ገለጠች። "ክንፏን ይያዙልኝ ጋሼ።" ቆነጠጥኩ። "ጎበዝ!" መጽሐፉን ዘቅዝቃ አስቀመጠችው። "አሁንስ?" ከበፊቱም ከፍ አድርጌ፣ በኩራት...
"ጋሼ፣ ሲዘቀዘቅ እኮ ክንፉ ወደ ውስጥ ሰምጦ ነው የሚታየው። አሁን የያዙት የማንን ዝንብ ነው?"
"የ... የጓደኛዬን።"
እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ዓይኖቼን በየተራ እየሸፈነች አየች። "ዓይኖችዎ መተባበር ይችላሉ፤ ተኳርፈው ነው። የሚያስታርቃቸው መነጽር እናሠራለን።" እስከዚያ መሪ መያዝ ክልክል።

ጥር 20
ካርቶን። ወገቤ... አይነሳ።

የካቲት 3
መርማሪዋ በአዲሱ መነጽሬ ላይ ጠቆር ያለውን ደረበችልኝ። መጽሐፉን ገለጠች። እንደ ልማዴ አየር ልቆነጥጥ እጄን ስሰድ... ዝንቧ ተነሳች! እግሯ፣ ክንፏ፣ ሁለመናዋ! "ኧረ እናቴ!" ብዬ በጥፊ አጮልኳት። መጽሐፉ ወለል ላይ።
መርማሪዋ መጽሐፉን እያነሳች፣ "አልፈዋል" አለች።

የካቲት 4
ቀኑን መሪዬ ላይ ዋልኩ። ማታ ሻይ ቀዳሁ፤ ጠብ የለም። ባለቤቴ ጨርቋን እንደያዘች ቀረች። ቀና ብዬ አየኋት... ለካ አፍንጫዋ ወደ እኔ ይመጣል! ይህን ሁሉ ዘመን ፊቷ ላይ የተሣለ መስሎኝ!
"ምን ያስፈጥጥሃል?"
ልቆነጥጠው እጄን ሰደድኩ። አልሳትኩም።