ጅብ የቀመሰው የአባታችን አልጋ

ይድረስ በወለጋ ክፍለ ሀገር፣ በአሶሳ ሠፈራ ጣቢያ ለሚገኘው ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ዘይኑልአቢዲን፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ከሐይቃችን ውሃ የሰፋ፣ ከአምባሰል ገደል የረዘመ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ አያ ዘይኑ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? አገሩ ቆላ ነው ሲሉኝ ጉልበቱስ ሳይሻለው አይቀርም እያልኩ እጽናናለሁ፤ ደግሞ ወባው ትዝ ሲለኝ መጽናናቴን መልሼ እወስደዋለሁ። ሂንድስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ኑርሀያትስ አደገች? ስትሄዱ የተነቃነቀው ጥርሷ ወልቆ በቀለላት? እኛን ታስታውሳለች ወይስ አጎቷን ኑርዬን «እሱ ደግሞ ማነው?» ትላለች? ዝናቡስ በጊዜው ይጥላል? ማሽላው ያፈራል? ሂንድ ውሃ የምትቀዳው ከቅርብ ነው ወይስ ሩቅ ትወርዳለች? አንዱንም ሳታስቀር ንገረኝ። እኛ አንተን ካለማየት በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

አሁን ይህን የሚያነብልህን ሰው አንዴ ቆም በል በለውና ጽሕፈቱን እየው። ማን የጻፈው ይመስልሃል? የውጫሌ ገበያ ጸሐፊ ለምኜ እንዳይመስልህ። እኔ ነኝ! አባታችን «ይህ ልጅ ከዓሣ በቀር የሚይዘው ነገር የለም» ይለኝ የነበረው ኑርዬ ወንድምህ፣ ይኸው ብዕር ይዣለሁ። የማታ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን እንደ ጤፍ አበጥሬ ጨረስኩት። አስተማሪያችን ሙሉአለም የምትባል የደሴ ልጅ ናት፤ «ኑርዬ፣ አፍህ ከእጅህ ይፈጥናል» ትለኛለች፤ እኔ ይህን እንደ ምስጋና ነው የቆጠርኩት። ከክፍሉም አንደኛ ነኝ። ሚስቴ አሚናት ግን «አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ እሱ የሚበልጠኝ በጩኸት ነው» ትላለች። ባልና ሚስት አብረው ሲማሩ ጣጣው ይህ ነው።

ወላሂ የተማርኩት ለጉራ ብቻ አይደለም። ያች አንድ ደብዳቤህ የመጣች ዕለት ያነበበልን ሌላ ሰው ነበር። አንብቦ ጨረሰና አጥፎ ሰጠን፤ እሱ ሲሄድ ድምፅህም አብሮት ሄደ። ከሰነበተ በኋላ እማ ናፍቆቱ ሲብስባት ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ «እስቲ ድገምልኝ» አለችኝ። እኔም አላውቅም ማለት ሞት መስሎኝ፣ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አቅንቼ ከሆዴ ቀባጠርኩላት። በሬ ሳትገዛ በሬ ገዛሁልህ፤ ደህና በሬ፣ ዳልቻ። እማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ያኔ ሲነበብ በሬ አልነበረም» ብላ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። በሚቀጥለው ማታ እኔ ፊደል ቆጣሪ ሆንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ፤ ስለ አልጋው ነው። የሄዳችሁ ዕለት ከጭነት መኪናው ላይ ሆነህ «እማን አደራ፤ አልጋዬንም አደራ» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። አባታችን፣ አላህ ይርሐመውና፣ በገዛ መጥረቢያው ከወይራ ጠርቦ የሠራው፣ አንተም እኔም የተወለድንበት፣ በኋላም ለበኩሬ ብሎ ለአንተ የተወው አልጋ ነው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ማንም ተኝቶበት አያውቅም። እማ ሲመሽ ቁርበቱን ታነጥፍበታለች፣ ሲነጋ ታነሣዋለች። አሚናት አንድ ቀን «ለማን ነው?» ብትላት «መንገደኛ በሌሊት ይደርሳል» አለቻት።

ያለፈው ክረምት ግን ሰማዩ በዚያ ክፉ ቀን የነፈገንን ሁሉ በአንዴ ልክፈላችሁ ያለ ይመስል ወረደብንና የአሮጌው ቤታችን ግድግዳ ተናደ። አብሽር፣ ሰውም ከብትም አልተነካ። አልጋውንም ሳይጫር አውጥተን ዋርካው ሥር አቆምነው። እኔም አናጢ አልጠራም፣ ማንንም አልለምንም ብዬ አዲስ ቤት ጀመርኩ። ቋሚውን አቆምኩ፣ ማገሩን አሰርኩ፣ ጭቃውን ረገጥኩ፣ ለሰንኩ። በሩን በራሴ ትከሻ ለካሁት። ትከሻዬን ታውቀዋለህ፣ የሚያኮራ ስፋት የለውም፤ ግን ቤቱ ልቅም ያለ ቤት ሆነ። ጎረቤታችን ታረቀኝ እንኳ፣ ሰው ማመስገን የሚያመው ታረቀኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሦስት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ከፊቴ ቆመና «ኑርዬ፣ አልጋውስ?» አለኝ።

አያ ዘይኑ፣ የአባታችንን ወግ ለአንተ አልነግርህም። ቤት ሲሠራ አልጋ ይቀድማል። ቋሚው ቆሞ ግድግዳው ሳይለሰን አልጋው ይገባል፣ ቤቱ በላዩ ላይ ይዘጋል። አልጋ እንደ ሰው በበር አይገባም። ይህን የማያውቅ የአምባሰል ሰው የለም፤ እኔ ግን ቀን ጭቃ ስረግጥ፣ ማታ ፊደል ስቆጥር፣ አልጋውን ውጭ ጥዬ ቤቱን ዘጋሁት! በጎኑ ብናስገባው እምቢ፣ በእግሩ እምቢ፣ በራስጌው እምቢ። ነቅለን እንዳናስገባው ደግሞ ጠፍሩን መቁረጥ ነው። ታረቀኝ ሣር ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። አሚናትም «የቆጠርከው ፊደል ሁሉ ገብቷል፣ አልጋው ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። እማ ግን አልሳቀችም። «ግድግዳውን አፍርሰው» አለች። በሩ አጠገብ ያለው ቋሚ ጣራውን ተሸክሟል፤ በዚያ ዝናብ ብነካው ቤቱ ሊወርድብን ነው። «ክረምቱ ይውጣና አፈርሰዋለሁ» አልኳት። በላዩ ላይ ሣር ከድኜለት ዋርካው ሥር ተውኩት። እማም ያን ሰሞን ቁርበትህን ቤት ውስጥ መደብ ላይ ታነጥፍልህ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ጅቡ ወጣ። ጠዋት ስንነሣ መካከሉ ተበልቶ፣ ጠፍሩ እንደተበጠሰ የዓሣ መረብ ተንጠልጥሏል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛው ጅብ ግን በሚያውቁት አገር፣ አንጥፉልኝም ሳይል፣ መኝታውን ራሱን በላው። እኔ እንደ ልማዴ ይህን ብዬ ላስቃቸው ሞከርኩ። ማንም አልሳቀም። እማ ወደ አልጋው ሄዳ የተበላውን በእጇ ዳሰሰችውና «የልጄን መኝታ ጅብ በላው» አለች። ያን ዕለት ሲመሽ ቁርበቱን ጠቅልላ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቁርበትህ ሳይነጠፍ ሲመሽ ያ መጀመሪያው ነበር። ቤቱ ሰው የሞተበት መሰለኝ፤ አስተግፊሩላህ፣ ይህን ቃል መጻፍም አልነበረብኝም።

እንደገና እንዳንጠፍረው ቆዳ ከየት ይምጣ? በሬዎቻችን በዚያ ክፉ ቀን የት እንደሄዱ ታውቃለህ። እንጨቱን ደግሞ ዝናቡና ምስጡ እንዲጨርሱት አልተውም። ስለዚህ ቢላዋ አንሥቼ የተበላሸውን ጠፍር ቆራርጬ ማውጣት ጀመርኩ። ወደ ግርጌው ስደርስ እማ እጄን ያዘችኝ። «እሱን አትንካ!» አለች። ምን እንደሆነ አይተህ ታውቀዋለህ፤ አንተና አባታችን አልጋውን ለመጨረሻ ጊዜ ስትጠፍሩት፣ እሱ ጫፉን ለአንተ ሰጥቶ «አንተ ቋጥረው» ያለህ ያ ቋጠሮ ነው። ያን ቀን ሁለታችንንም ጠርቶን ነበር፤ እኔ ሐይቁ ላይ ታንኳ ስቀዝፍ ውዬ ሙያው ለአንተ ብቻ ቀረ። ቋጠሮውን ከነግርጌው እንጨት እንዳለ ተውኩት።

እንግዲህ ከእንጨቱ ምን ሠራሁ መሰለህ? አግዳሚ ወንበር! ሁለቱን ረጃጅም አግዳሚዎች አቀራርቤ በአራቱ እግር ላይ አቆምኳቸው። ለስፋቱ አጫጭር የባሕር ዛፍ እንጨት ጠርቤ አስገባሁ። በመካከሉ ከሐይቁ ዳር ፊላ አጭጄ ጎንጉኜ ዘረጋሁበት። ስማኝ፣ ሚስማር አልመታሁበትም። የአባታችን እንጨት ጫፉም አልተቆረጠ። የራስጌውና የግርጌው አጭር እንጨት በጢስ ደርቀው ጣራ ሥር ተንጠልጥለዋል። በፈለግህበት ቀን ነቅለህ መልሰህ አልጋ ታደርገዋለህ። ማሻአላህ በል! ደግሞ አሁን በበሩ እንደ ፍየል ገባ ወጣ ይላል።

ቀድሞ ስንማር የምንቀመጠው ድንጋይ ላይ ነበር። አግዳሚው ሲሠራ ሙሉአለም አይታው «ከዛሬ ጀምሮ ትምህርቱ እዚህ ይሁን» አለች። የተማሪው ሁሉ ቂጥ የሚያርፈው በእኔ ጥበብ ላይ ሆነ። እኔም ከፊት እቀመጣለሁ፤ ባለቤት ነኛ። እማ ብቻ አልቀመጥም አለች። «ልጄ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ሊያድር ነው?» አለችኝ።

ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ማታ እኛ ስናነብ መጣች። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ጣራው ሥር ከሰቀልኩት የግርጌ እንጨት በታች ተቀመጠች። እጇን ወደ ላይ ሰድዳ ቋጠሮውን ቅቤ ትቀባው ጀመር፤ ጠፍሩ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ሙሉአለም «እማማ ዙሌይካ፣ ሊማሩ ነው እንዴ?» ብትላት «ፊደሉስ ለእናንተ ይሁን ልጄ፤ እኔ ከዚህ መንገዱ ይታየኛል» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ከዚያ ጫፍ በበሩ በኩል ሲያዩ ከደሴ የሚመጣው መኪና መብራቱ ይታያል። አሁን በየማታው ቦታዋ እሱ ነው። አንዱ መኪና ሐይቅ ከተማ ላይ ሲቆም እጇ ቋጠሮው ላይ ይቆማል። ሲያልፍ እንደገና ትቀባለች።

ቆዳውንስ ያገኘሁት እንዴት መሰለህ? እነ ታረቀኝ ለገና ቅርጫ በሬ ጣሉ። ታረቀኝ በሰው ፊት «ኑርዬ ያለ ሰው እርዳታ ለወንድሙ ደብዳቤ ከጻፈ የበሬው ቆዳ የሱ ይሁን» አለ። የሚሳለቅብኝ መስሎት ነው። «የእናንተን በሬ ቆዳ ምን አደርገዋለሁ?» ስለው «ሥጋው የእኛ ነው፤ ቆዳ ግን ሃይማኖት የለውም» አለኝ። እማም ሼኾቹን አስጠይቃ «ታጥቦ ተለፍቶ ይሁን» ተብላለች። ይኸው አሁን ታረቀኝ አጠገቤ ተቀምጦ ብዕሬን ይጠብቃል። እሱ ማንበብ ገና ስለሚያንገዳግደው መስመሩን አሚናት ታነብለታለች። «አንደኛዋ እኔ ነኝ» የሚለውን ሁለቴ አነበበችለት። አሁን እዚህ ስደርስ «በቃ፣ ተሸነፍኩ፣ ቆዳውን ውሰድ» ብሏል። ቆዳው ውጭ ተወጥሮ ደርቋል።

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ መጠፈር አላውቅም። ታረቀኝ እኔ ልጥፈረው ብሎ ነበር፤ እማ «ሌላ ሰው በጠፈረው ላይ ልጄ አይተኛም፤ የጀመረው ይጨርሰው» አለች። ስለዚህ አያ ዘይኑ፣ እጅህን ይዘህ ና። ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል እንዳልሆነ፣ መንገዱም እንደማያልቅ እሰማለሁ። እማ ግን እያረጀች ነው፤ እጇ ወደ ቋጠሮው ሲወጣ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም። ቅርብ መምጣት ካልሆነልህ ቃልህን ላክላት፤ ለእኔ ሳይሆን ለሷ ብለህ አጽፍ። አልጋውን አግዳሚ ማድረጌን ይቅር ማለትህን፣ ተስፋ ቆርጠን እንዳላፈረስነው መረዳትህን ንገራት። እኔም ያልከውን ብቻ አነብላታለሁ። በሬ ካልገዛህ በሬ አልገዛልህም።

አሚናት ሂንድን «እህቴ፣ ያስቀመጥሽው ሰፌድ ደህና ነው» ትልሻለች በላት። ታረቀኝ «ሰላም በልልኝ፤ ወንድምህ ጉራውን አልተወም» ይላል። ሙሉአለም ሳታውቃችሁ ታከብራችኋለች፤ ደብዳቤውንም ደሴ ፖስታ ቤት የምታስገባው እሷ ናት። ኑርሀያትን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ አጎትሽ ጸሐፊ ሆነ በላት። ከአንተ ጋር ለሠፈሩት ለአምባሰል ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። አላህ በጤና ያገናኘን፤ አሚን በል።

እማን «ምን ልበልልሽ?» ብያት ቀና ብላ ቋጠሮውን አየችው። ከዚያ «ቋጠሮው አልተፈታም በለው» አለች። ጻፍኩት። የቱ ጋ እንደጻፍኩት አሳየኝ አለች፤ አሳየኋት፤ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እዚህ ግርጌ ወረቀቱ ላይ የምታየው ወዝ ዘይት የፈሰሰብኝ እንዳይመስልህ። የእማ ጣት ነው፤ ከቋጠሮው የመጣ ቅቤ ነው። አትጥረገው፤ አሽትተው።

ወንድምህ ኑርዬ
ሐይቅ ዳር፣ አምባሰል
ጥር 15 ቀን 1979 ዓ.ም.