ገና ባልመጣ ሐሙስ ስለተከተበች ልጅ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክትባት ክፍሏ ሲስተር እና ለካርድ ክፍሉ ባልደረባ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ ምናልባት ብትታመሙ እንኳ ቀጠሮ የሚሰጣችሁ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዲሆን ከልቤ እጸልያለሁ። እኔ ከበራችሁ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ማኅተም የምቀርጸው ሰውዬ ነኝ። እናንተ በካርድ ቁጥር፣ እኛ ሚጣ ብለን የምንጠራት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ እኔ የማሳድጋት የእህቴ ልጅ ናት። ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ አድርጌ የጻፍኩት፣ ያደረጋችሁልንን ለብቻዬ ይዤው ብቀመጥ ንፉግነት ስለሚሆንብኝ ነው።

አንደኛ። ሚጣ ከሦስት ወር በፊት የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን የኤች ፒ ቪ ክትባት የመጀመሪያ ዶዝ ወሰደች፤ ካርዷም ላይ «ቀጣይ ዶዝ በ6» የሚል ማኅተም ተመታላት። ስድስት ምን እንደሆነ ማኅተሙ አይናገርም። ክፍላችሁ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስተናግደው ሕፃናትን ነው፤ ሕፃናት በስድስት፣ በአሥር፣ በአሥራ አራት ሳምንት ስለሚከተቡ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ከተባለ ሳምንት ነው፣ አለቀ። እናም የኔዋ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ተጠርታ፣ ጡጦ ከያዙ እናቶች አጠገብ፣ ከሌሎች አሥር ልጃገረዶች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድራ ሁለተኛውን ወሰደች። ልጃችንን እንደ አራስ ስለተንከባከባችሁልን እጅግ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ባለፈው ሳምንት የማኅተም ቀለም ላደርስ ገብቼ ሳለ የክትባት ክፍሉን በር ነፋስ ገፍቶ ዘጋው። እንኳንም ዘጋው፤ ከበሩ ጀርባ የለጠፋችሁትን የራሳችሁን ፖስተር ያየሁት ያኔ ነው። ክትባቱን አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የጀመረች ልጅ ሁለቱን ዶዞች በስድስት ወር ልዩነት እንደምትወስድ፣ ሁለተኛው አምስት ወር ሳይሞላ ከተሰጠ ሦስተኛ እንደሚያስፈልጋት፣ እንደ አዲስ መጀመር ግን እንደማያስፈልጋት በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። በሥራ ሰዓት በሩ ስለማይዘጋ ፖስተሩ ከአቧራም ከአንባቢም ተጠብቆ መኖሩን ሳልመሰክር አላልፍም።

ሲስተርን በትሕትና ጠየቅኳት፤ ወዲያው ወንበር ቀረበልኝ። በዚህ ጤና ጣቢያ ወንበር ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እዚያው ጠረጠርኩ። ካርዱን ትቼላቸው በማግስቱ እንድመለስ፣ ሁሉም ነገር እንደሚስተካከል በፈገግታ ተነገረኝ።

ሦስተኛ። እውነትም ተስተካክሎ ጠበቀኝ። የሁለተኛው ዶዝ ቀን በነጭ ማጥፊያ ፍሉድ ተሸፍኖ፣ በላዩ ላይ ከመጀመሪያው ዶዝ ልክ ስድስት ወር የሚርቅ ሐሙስ ተጽፏል፤ ከጎኑም «አጠናቃለች» የሚል አለ። ጽሑፉ ያምራል፣ የእጅ ሥራ ስለማውቅ አልዋሽም። ችግሩ ያ ሐሙስ ገና ሦስት ወር የሚቀረው መሆኑ ብቻ ነው። በእናንተ መዝገብ ሚጣ ገና ባልመጣ ቀን ተከትባ፣ ጨርሳ፣ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ካርዱን ሳሳያት ወራቱን በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ሦስተኛውን እንዳይሰጡኝ ነው?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔ አላርፍ ብሏል። ጠረጴዛ ላይ የሚውለው መዝገብ መሳቢያ ገብቶ ተቆልፎበታል። ማኅተሙ ከቦታው ተሰውሯል። ድሮ ከሩቅ ጮኾ ሰላም የሚለኝ የካርድ ክፍሉ ባልደረባ ሱቄ ጋ ሲደርስ ስልኩ ይጠራበታል፤ ስልኩ ሲጠራ ግን አይሰማኝም። ክትባቱን የምጠራጠር እንዳይመስላችሁ፤ መርፌውን አምኜው ነው ልጄን ያመጣሁት። የምጠረጥረው ፍሉዱን ነው።

አራተኛውን ቅሬታ ከሦስተኛው በ6 ላርቀው አስቤ ነበር፤ ስድስት ምን እንደሆነ ባለሙያዎቻችሁ ያውቁታል ብዬ ተውኩት። ይህችን አባባል ከእናንተው ነው የተዋስኳት። ያንን ማኅተም የቀረጽኩት እኔ ነኝና። ትእዛዛችሁ «በ6 ወር» ይል ነበር፤ ከካርዱ ሳጥን አልፎ ስለወጣ ፊደሉን ላሳንሰው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ «ወር»ን አውጣው፣ ባለሙያዎቻችን ያውቁታል ተባልኩ። አወጣሁት። ሁለት ፊደል ነው፤ ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ደስ እንኳ ብሎኝ ነበር። አሁን መቅረጫዬን ባነሳሁ ቁጥር አፍራለሁ፤ እናንተም የኔን ሩብ ብታፍሩ ኖሮ ፍሉድ ባላስፈለገ።

ነገሩን ለምን እንዳከረርኩት ይወቁልኝ። የሚጣ እናት ያረፈችው በማኅፀን በር ካንሰር ነው። ሕመሙ ሲታወቅላት ረፍዶ ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ የምትለምነኝ ልጇን እንድጠብቅላት ነበር። ለእናትየዋ ሁላችንም ዘገየን፣ ለልጅቷ ደግሞ እናንተ ቸኮላችሁ። መቸኮላችሁስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል፤ ሦስተኛው ሲሰጣት ይቃናል። «አጠናቃለች» የሚለው ግን ያንን በር ይዘጋባታል፤ ይህን ዝም ብዬ ባልፍ ለእህቴ ምን ብዬ ነው?

አግዳሚው ላይ የነበሩትን አሥሩን ልጆች በስም አላውቃቸውም። ወላጆቻቸው ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ የልጆቻችሁን ካርድ አውጡና ሁለተኛው ዶዝ የተጻፈበትን ቦታ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ነገር ከተነሣ ሱቄ ክፍት ነው፣ ኑ።

ከጊዜ የሚቀድም አገልግሎታችሁን የሚያደንቅ፣ ውለታችሁን የማይረሳ፣ ቀናችሁንም አንድ በአንድ የሚቆጥር፣

ከበራችሁ ፊት ለፊት ያለው ማኅተም ቀራጭ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲስ ማኅተም አያይዣለሁ። «ወር» ገብታለች፤ ፊደሉን አሳንሼ ሞከርኩት፣ ሳጥኑ ያኔም ይበቃት ነበር። ሚጣ ደግሞ እናንተ በጻፋችሁላት ሐሙስ ጠዋት፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አግዳሚው ላይ ትገኛለች። መዝገባችሁ ያን ቀን ተከትባለች ይላል፤ ክብር ያለው መሥሪያ ቤት ሐሰተኛ መዝገብ እንደማይዝ ስለማምን፣ መርፌውን አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።