ለጭላዳ በር ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፤ የልጄን እጅ ስለሚያነበው ማሽን

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል
ደባርቅ

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ ማሽንዎ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ከሐዘናችን በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ጨርቅ ነጋዴው ሙሐመድአወል ነኝ፤ መስማት የተሳናት የሰልሰቢል አባት። ሳላመሰግንዎ ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ጻፍኩልዎ።

፩. በክረምቱ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ የእጅን ሙቀት እያየ የምልክት ቋንቋ የሚያነብ ማሽን ሊተክሉ መሆኑን ስላበሠሩን እናመሰግናለን። ልጄ ነፍሰ ጡር ሆና እየተመላለሰች በእጇ የምትናገረውን ሁሉ ማሽኑን አስተማረችልዎ። የክሊኒክዎ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይዘሮ ሥራዬ ከቦታዋ እንደማትነቃነቅም ቃል ገብተውልን ነበር፤ አመንንዎ።

፪. ማሽኑ ተምሮ ሲጨርስ ወይዘሮ ሥራዬን ስላሰናበቷት ምስጋናችን ይድረስዎ። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የልጄ እጅ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

፫. በኅዳር ወር በአንዱ ማለዳ፣ ባሏ ለንግድ ጃናሞራ ሄዶ ሳለ፣ ፅንሱ አልንቀሳቀስ ቢላት ልጄ ብቻዋን ወደ ክሊኒክዎ መጣች። ችግሯን ከመናገሯ በፊት እንደ ወጉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። ማሽኑ የደረት ሕመም ብሎ ጻፈ። ቀጥላ ሆዷን ልታሳይ ስትል፣ በወንዶች ፊት ጋቢዋን መግለጥ አፍራ እጇን ከውስጥ አስገብታ አመለከተች፤ ማሽንዎ ደግሞ ከጋቢ ሥር ያለን እጅ አያይም። ሠራተኞችዎም ከሳል ታማሚዎች ወረፋ አስቀመጧት፤ በተነሣች ቁጥር በትሕትና መልሰው አስቀመጧት። ወይዘሮ ሥራዬ ከገበያ ተጠርታ እስክትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። የልጅ ልጄን ቀበርን።

፬. አቤቱታ ባቀርብ፣ ታካሚዋ የአጠቃቀም መመሪያውን አለመከተሏን ገልጸው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ፊት ስትቀርቢ አስቀድመሽ ሰላም በዪ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ ከድተውናል። ከዚህ የተሻለ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁለት። ከዳባትም ከደባርቅም ሌሎች እንደ ልጄ ያሉ እናቶች ወደ በርዎ ይመጣሉና፣ ወይዘሮ ሥራዬን ወደ ቦታዋ ይመልሱልን።

ያመነዎት፣ በማመኑም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚያፍር፣
ሙሐመድአወል፣ ከደባርቅ ገበያ

ማሳሰቢያ፦ ሰልሰቢል ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔም ለእናቷም በእጇ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዝምታ የሚያነብ ማሽን ሲያስመጡ አይርሱን፤ ቤታችን ሞልቷል።