ዳገት የሚያወጣ ማርሽ

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ሱቅ ዝግ ነው። ከወንድሜ ልጅ ከኢየሩስ ጋር ቸርችልን ወረድን። እሷ አባቷ በሰኔ በገዛላት ሳይክል፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ... ለሰው መሳቂያ። ቴዎድሮስ አደባባይን ዞራ ዳገቱን ጀመረች። መሃሉ ላይ ሳትደርስ እግሯን አወረደች።

"ጋሼ፣ ማርሹ ይከብዳል።"

"ምሳ ስለማትበዪ ነው።"

ምሳው አይደለም። ሃያ ዓመት ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ የማርሽ ጥርስ መቁጠር አይጠፋኝም። የፊቱ ሠላሳ ስምንት፣ የኋላው ትልቁ ሃያ ስምንት። በዚህ ማርሽ የአሥር ዓመት ልጅ ያንን ዳገት አትወጣም። ይሄን ከጅምሩም አውቅ ነበር።

ጥቅምት 4

የኢየሩስ እናት አክበረት ከሥራ ስትመለስ በሱቄ በር አለፈች። ጥቁር በጥቁር ለብሳ። አሁን እትዬ ለተኪዳን ቤት ገብታ ጥቁሩን ታወልቃለች፣ ቀዩን ሹራብ ትለብሳለች፣ ከዚያ ጎረቤት ያለው ቤቷ ገብታ ልጇን ትስማለች። በየቀኑ እንዲህ ነው።

መድኃኔ ወንድሜ የሞተው በሐምሌ ነው። ውሃ ሊቆፍር ጂንካ ሄዶ፣ መኪና ተገልብጦ። ኢየሩስ ሐዋሳ አክስቷ ጋ ነበረች። ቀብሩም ለቅሶውም ሳትሰማ አለቀ። "ለልጅ መርዶ አይነገርም፣ ቀስ ተብሎ..." ተባለ። ማን ነበር ያለው? ሁላችንም አልን መሰለኝ።

የመድኃኔ ስልክ እኔ ጋ ነው። "አባትሽ ያለበት ቦታ ኔትወርኩ ድምፅ አያስኬድም፣ መልእክት ብቻ ነው" አልናት። መልእክቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። መድኃኔን ሆኜ።

በመስከረም "መቼ ነው የምትመጣው?" አበዛችብኝ። አንድ ቀን ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ለመገላገል ብዬ ጻፍኩ። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት እግርሽን ሳታወርጂ የወጣሽ ቀን እመጣለሁ። የማይሆን መሆኑን አውቄ! ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች ብዬ።

አልረሳችም።

ጥቅምት 7

ሳይክል ጠጋኙ የሲን ሱቄ ድረስ መጣ። እየሳቀ።

"አቦ፣ የወንድምህ ልጅ ጉድ ናት! ጥርሱን ቆጥራ በወረቀት ጽፋ መጣች። ዳገት የሚያወጣ ማርሽ ግጠምልኝ አለችኝ።"

ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው፣ የኋላውን ብቻ ሠላሳ ሁለት ማድረግ። ትንሽ ይቀላል። ሁለተኛው፣ የፊቱን ወደ ሃያ ስምንት አውርዶ የኋላውን ሠላሳ አራት ማድረግ። "በዚህ እንኳን ቸርችልን እንጦጦንም ትወጣለች። ሜዳ ላይ ግን አትፈጥንም፣ እግሯ በባዶ ሲሽከረከር ይውላል።"

"ሠላሳ ሁለቱ ይበቃል" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሜዳ ላይ እንዳትዘገይ ብዬ ነው።"

ለልጅቷ ያሰብኩ መሰልኩ። የሲንም አመነኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

እግሯን ያወረደችው ማዘጋጃ ቤቱ እየታያት ነው። ሃምሳ እርምጃ ቢቀራት ነው። ላቧን እየጠረገች ትስቃለች። "ደርሼ ነበር እኮ ጋሼ! አየኸኝ?" ወዲያው የእናቷን አሮጌ ስልክ አወጣች። እየጻፈች ነው...

ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። የመድኃኔ ስልክ። ድምፁን ለመሸፈን ሳልኩ፣ ደግሜ ሳልኩ።

"ጉንፋን ይዞሃል?" አለችኝ።

ጥቅምት 10

"ጎበዝ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" ብዬ መለስኩላት። ስጽፈው በጆሮዬ የሚሰማኝ የመድኃኔ ድምፅ ነው። መልሼ ሳነበው የኔ ነው። የወንድሜ አነጋገር እየጠፋብኝ ይሆን? ወይስ በኔ እጅ እየጻፈ ነው?

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ላይ ከጀርባው አየሁት። ያው ትከሻ፣ ያው አረማመድ። ሱቁን ክፍቱን ጥዬ እስከ አራት ኪሎ ተከተልኩት። ታክሲ ሊገባ ሲል ዞረ። የማላውቀው ሰው ነው።

"ይቅርታ" አልኩት።

"ምን አድርገኸኝ?" አለኝ።

ፈራሁ። ራሴን ነው የፈራሁት።

ጥቅምት 13

ዛሬ አልጻፍኩላትም። አራት ጊዜ ጻፈች።

ጥቅምት 15

አክበረትን ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ "እንንገራት" አልኳት።

"ከፈተና በኋላ።"

"ከዚያስ?"

"ከገና በኋላ... ክብረት፣ እኔ እኮ እሷ ፊት ስቆም ብቻ ነው ባሌ ያልሞተው።"

ስለ ዳገቱ ነገርኳት። የገባሁላትን ቃል፣ አውቄ ያስገጠምኩትን ማርሽ።

"እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለህ ማነው?"

"ማንም።"

"ልጄን ዳገት ላይ አቁመህ..." አልጨረሰችውም። አለቀሰች። ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሳ፣ "ንገራት። አንተው ንገራት። እኔ አፌ እሺ አይለኝም" አለችኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ግን እያደር ጀርባዬን አጎበጠው።

ጥቅምት 20

ሳይክሉን ለየሲን ወሰድኩለት። ከፊት ሃያ ስምንት፣ ከኋላ ሠላሳ አራት። ካቴናውንም ቆርጦ አሳጠረው።

"ምነው ሐሳብህን ቀየርክ?"

"ለሷ ከሜዳው ዳገቱ ይበልጥባታል።"

ፔዳሉን በአንድ ጣቴ አዞርኩት። እንዴት ይቀላል! አሁን ትወጣለች። ምንም አያቆማትም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

መርዶ በጠዋት ነው ብዬ፣ ሳይክሉ ላይ ሳትወጣ ልነግራት ነበር። "ኢየሩስ..." ስል፣ "ስመለስ ንገረኝ!" ብላ ፈተለከች።

ዳገቱን ጎን ለጎን ወጣን። ማርሹ በጣም ከመቅለሉ የተነሳ እኔ በእርምጃ እደርስባታለሁ። እግሯ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ሳይክሉ ቀስ ይላል። ባለፈው የቆመችበትን አለፈች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ካቴናው በወለቀ ብዬ ተመኘሁ።

አልወለቀም። ወጣች።

አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ሳይክሉን ይዛ ቆማ በየታክሲው የሚወርደውን ሰው ታያለች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ኪሴ ነዘረ። አሁን አልሳልኩም። አውጥቼ አሳየኋት። "ወጣሁ" ይላል።

"አባትሽ ሞቷል ኢየሩስዬ። በሐምሌ። መኪና ተገልብጦ።"

ስልኩን አየች። እኔን አየች።

"ታዲያ ማን ነበር የሚጽፍልኝ?"

"እኔ።"

ሳይክሉን ለቀቀችው፣ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። እሷ ወደ ቤት ሮጠች። እኔ ሳይክሉን እየገፋሁ ስደርስ፣ እናቷ በር ላይ ጥቁሯን እንደለበሰች አቅፋት ነበር። ጎረቤቱ እየወጣ ነው። ያላለቀሰችው የሦስት ወር ለቅሶ ዛሬ ተጀመረ።

ጥቅምት 28

አታናግረኝም። ልክ ናት።

ኅዳር 5

ከትምህርት ቤት ሱቄ መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ሰላም አላለችኝም። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተርና እርሳስ አወጣች፣ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"የሱንና ያንተን ለይልኝ።"

ከሰኔ መልእክቶች ጀመርን። የሱን ብቻ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። የሞተበትን ቀን አልጠየቀችኝም። ፈርታ ይሆናል።

"ካልሲሽ ሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ይሄስ?"

"የሱ።" ጻፈችው።

"ዝናብ ካለ ሐይቁ ዳር እንዳትሄጂ። ይሄስ?"

"የሱ።" ጻፈችው።

ቀጥሎ የመጣው "ዛሬ ያለ ማንም እርዳታ ሳይክል ነዳሁ!" የሚለው የራሷ ነው፣ ከሐዋሳ የላከችው። ከሥሩ መልሱ አለ። "ኮራሁብሽ ልጄ።" ሳትጠይቀኝ መጻፍ ጀመረች። ይሄን መልስ ድንኳን ውስጥ፣ ለቀስተኛ መሃል ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያዬ እሱ ነው። መድኃኔ ሳይክል መንዳቷን ሳይሰማ ነው የሞተው።

"ኮራ" ላይ ደርሳ ቀና አለች።

"ይሄስ?"

"የሱ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ብትይዘው ማንን ይጎዳል? አንዲት ቃል...

"የኔ ነው" አልኩ።

ላጲስ አውጥታ አጠፋችው። ወረቀቱን በእጇ ጠረገች።

"ቀጣዩ" አለችኝ።