«ተመስገን» በማለቴ ስለ ተዘጋው ካርዴ

ለክቡር አቶ አካለ ወልድ
የሠፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎና ጉልበትዎ እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ግን ካርዴ ላይ እንዳያስጽፉብኝ በትሕትና እለምንዎታለሁ፤ የደብዳቤ ወግ ናት እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለችም።

እኔ ሰገነት ሀብተ ሥላሴ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቄ ወገቤን ከተመታሁ ወዲህ አጥንቱ ቢጠገንም ሕመሙ አብሮኝ ይኖራል። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩ኛ. የክሊኒክዎ የጤና ባለሙያ ወንደሰን የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነ በገባሁ ቁጥር ብድግ ብሎ እንዴት ሰነበቱ ይለኛል። እኔም የቄስ ልጅ ነኝና፣ ሰላምታ ለሰጠ ሰው ሕመምን መዘርገፍ ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ ተመስገን ደህና ነኝ እላለሁ። እሱም ቁጭ ይልና «ተሽሏቸዋል» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ስንከባበር ከርመን፣ በቅርቡ ድነዋል ተብሎ ክትትሌ ተቋረጠ፤ ምነው ብዬ ብጠይቅም ካርድዎ ጤነኛ ነዎት ይላል ተባልሁ። ካርዴ በመዳኑ እጅግ ደስ ብሎኛል።

፪ኛ. ራጁ ላይ ምንም ስላልታየ ሕመምዎ የሐሳብ ነው ስለተባልሁም ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሞጣ ሄጄ ያገኘኋት ደስታነሽ የተባለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ሰላምታውን ከጨረሰች በኋላ ወንበሯን አስጠግታ፣ ትናንት ጀምረው መጨረስ ያቃተዎት ሥራ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ነጠላዬን አጥቤ መጭመቅ አቅቶኝ ከነውኃው መተዌን፣ ቅዳሴም ቆሜ ማስቀደስ ተስኖኝ ከደጀ ሰላም እንደምመለስ ነገርኋትና አለቀስሁ። ቁስል ከዳነም በኋላ ነርቭ ሕመሙን መናገሩን ላያቆም እንደሚችል፣ ሕመሙም እውነተኛ እንደሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ሥራን ከፋፍሎ እያረፉ በመሥራት፣ እንቅስቃሴንም በጥቂት በጥቂቱ በመጨመር ከሕመሙ ጋር መኖር ይቻላል አለችኝ፤ ክትትሉንም እዚያው ቢቸና ይቀጥሉ ብላ ላከችኝ። ምክንያቱም ሞጣ ደርሶ መልስ በሚኒባስ መንገላታቱ ያገኘሁትን ማገገም መልሶ ይወስድብኛል። እርስዎ ደግሞ ካርዱን ዘግተውታል።

፫ኛ. ይህን ባልጽፈው እወድ ነበር። ታላቅ እህቴን ማስተዋልን ሳያስታውሷት አይቀሩም። እሷም ጀርባዋን ታምማ ወደ እናንተ ትመላለስ ነበር፤ በጨዋነት ደግሞ እኔን ታስከነዳኛለች። ተመስገን ትላለች፣ ተሽሏቸዋል ይባላል። ባሕር ዳር ስናደርሳት በሽታው አከርካሪዋ ውስጥ ሥር ሰድዶ ስለ ነበር፣ ይዘን የተመለስነው አስከሬኗን ነው። ወንደሰን ለቅሶ መጥቶ ከልቡ እያዘነ፣ መጨረሻ የመጡ ጊዜ እኮ ደህና ነበሩ አለን።

ከዚያ ወዲህ እናንተ ዘንድ ገብቼ እንዴት ሰነበቱ ስባል፣ አፌን የምከፍተው እኔ ስሆን የሚመልሰው ድምፅ የእህቴ ነው። ዛሬስ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ከቤት ብወጣም ቀድሞኝ ይወጣል። የእኔ ሕመም እንደ እሷው የሚገድል እንዳልሆነ ደስታነሽ አረጋግጣልኛለች፤ ያን ድምፅ ግን አሁንም እፈራዋለሁ።

ስለዚህ ካርዴ ተከፍቶ ክትትሌ እንዲቀጥል፣ ለወንደሰንም ሰላምታው ካለቀ በኋላ ምርመራው ገና እንዳልተጀመረ እንዲነገረው እጠይቃለሁ። ሰላምታውን እንዲያስቀርብኝ ግን አልሻም፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ወገቤ አልታጠፍ ስላለኝ ቀጥ ብዬ ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣
በእርስዎ ካርድ ፍጹም ጤነኛ የሆንሁት፣
ሰገነት ሀብተ ሥላሴ

ማሳሰቢያ፦ የእህቴ ካርድ ከመደርደሪያዎ ካልወጣ አንድ ነገር ይጨመርበት። በየወሩ መቃብሯ ዘንድ ሄጄ እንዴት ሰነበትሽ እላታለሁ፤ እስከ ዛሬ ተመስገን አላለችኝም። እባክዎ ይህንንም ያስጽፉልኝ።