ለቅሶን ለትርኢት ያልሰጡት የወይዘሮ ሄርሚና ላንድፌልት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሄርሚና ላንድፌልት ከአባታቸው ከአቶ ዮናታን ላንድፌልትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፉዋ ዲንጌ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ፣ በሱሪናም ወንዝ ዳር፣ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን ዘር የሆነው የሳራማካ ሕዝብ በሚኖርባት በማላሎ መንደር ተወለዱ። ማላሎን በካርታ ላይ የሚፈልግ በከንቱ ይደክማል፤ ውሃ ውስጥ ናት። በ1964 በወንዙ ላይ የተሠራው ግድብ ተዘግቶ ውሃው ሽቅብ ሲመጣ ሄርሚና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ከተቀበሩም ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ሰውን ከነዶሮው የጫኑት ጀልባዎች መቃብሩን አልጫኑም። ዛሬ ከውሃው በላይ ቆመው የደረቁትን ዛፎች አስጎብኚ ሁሉ እያሳየ "እንዴት ያምራሉ" ያሰኛል። ከሥራቸው የእኚህ ሴት አባት ተኝተዋል። ይህን ያላወቀ ሰው፣ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ግትርነት ይለዋል፤ ብለውታልም።

ቤተሰቡ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ በጋንሲቶኑ መንደር ሰፈረ። ወይዘሮ ሄርሚና በዚያ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1972 ታንኳ ጠራቢውን አቶ ኤልያዘር አቢኒን አግብተው ሮሊንን፣ ማርሲታንና ሬናልዶን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1994 አረፉ።

በ1996 በወንዙ ዳር ሦስት የእንግዳ ጎጆዎችን አሠሩ። በዚያ አካባቢ እንግዳ ማሳደርን ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረበት ጊዜ ጎብኚዎችን በጫካው ይመሩ፣ የሚያገሡትን ቀይ ጦጣዎች ያሳዩ፣ ካሳቫ መርዙ እንዴት ተጨምቆ ቂጣ እንደሚሆን ያስተምሩ ነበር። ለጦጣ ሙዝ የሚወረውር እንግዳ ሲያዩም "አንተ ነገ ትሄዳለህ፤ እሱ ግን ከልጄ እጅ ሲነጥቅ ይኖራል" ይሉት ነበር። ስለዚህ በኋላ "እንግዳ ጠል" ብለው የጻፉባቸው ሰዎች ዋሽተዋል። ውሸት መሆኑ ዛሬ በሬሳቸው ፊት ይነገር።

በ2008 ከበሮ መቺው አዛውንት አሲፔይ አረፉ። አንድ የከተማ አስጎብኚ ድርጅት ይህን ሲሰማ "እውነተኛ የሳራማካ ቀብር" ብሎ አስታወቀና አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው ከነካሜራው ላከ። ሙሾው እየወረደ ወይዘሮ ሄርሚና ብድግ ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጀልባዋን የሚነዳው የገዛ ልጃቸው ሬናልዶ ነበር።

"እማዬ፣ ከሩቅ አገር ነው የመጡት። ዳር ቆመው አይተው ይሄዳሉ፤ ምን ይጎዳል?"

"ሟቹን ያውቁታል?"

"ከየት ያውቁታል።"

"እንግዲያው እኔንም በአውሮፕላን ወስደህ፣ እናታቸው ስትቀበር ራስጌዋ አቁመኝና ፎቶ ላንሳ። እሺ ካሉህ አውርዳቸው።"

"ከሥራ ያባርሩኛል።"

"ካሳቫውን አረም ውጦታል። ሥራ ሞልቷል።"

ጀልባዋ ተመለሰች። ሬናልዶ ተቆጥቶ ከተማ ገባ፤ እናቱንም ለዓመታት አላያቸውም። ድርጅቱ ጋንሲቶኑን ከጉዞው ሰረዘ። ጎጆዎቹ ባዶ ቀሩ፤ ጣራቸው አፈሰሰ። መንደሩም ፊቱን አዞረባቸው። በሸንጎው የመንደሩ ሹም የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው አቶ አልፎንሱስ፣ "እህቴ፣ ባንቺ ኩራት የሰው ልጅ ጦሙን እያደረ ነው" አሏቸው።

"አንተ ስትቀበር ስንት ሰው ቆሞ እንዲያይህ ትፈልጋለህ? ንገረኝና ከአሁኑ ወንበር ልደርድር።"

ሸንጎው ሳቀ። ወይዘሮ ሄርሚና ግን በሳቅ የሚረኩ ሰው አልነበሩም፤ ሸንጎ በተቀመጠ ቁጥር እየቆሙ ያንኑ ጉዳይ አነሡ። ያለ ጎብኚ ካሳቫና ኦቾሎኒ እየዘሩ፣ ትርፉን ላጣ ለነጣ ጎረቤት እያካፈሉ ጠበቁ። በ2011 ሸንጎው ደነገገ፦ በለቅሶ ቀን ካሜራ ከወንዙ ዳር አያልፍም፤ መምጣት የፈለገ እንግዳ እንጨት ይሸከማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል። ሌሎች ሦስት መንደሮችም ተከተሉ። መንደሩ ይራባል ሲሉ የነበሩት አዋቂዎች ተሳስተዋል፤ ሕጉን የተቀበለ እንግዳ መምጣቱን አላቆመም፣ ጎጆዎቹም ዛሬ ስድስት ናቸው። ለስህተታቸው ይቅርታ የጠየቀ ግን እስካሁን የለም።

ሬናልዶ በ2013 ተመለሰ። የታረቁት በንግግር አልነበረም፤ እናቱ ቆንጨራ አቀበሉት፣ እሱም ወደ እርሻው ወረደ።

ወይዘሮ ሄርሚና ከ2021 ጀምሮ በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በዋና ከተማው ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ "ወንዜ ዳር ውሰዱኝ" አሉ። ሬናልዶ በጀልባው አመጣቸው፤ መጋቢት 11 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውንና በእጃቸው ያደጉ ብዙዎችን ትተዋል።

ያው ድርጅት ትናንት የአበባ ጉንጉንና አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ልኳል። አበባው ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ፎቶግራፍ አንሺውን ወንዙ ዳር የተቀበለው ሬናልዶ ነው፤ ካሜራውን ተረክቦ አካፋ ሰጠው። ሰውየው ሌሊቱን ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር አድሮ፣ አሁን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከመካከላችሁ ቆሟል። ማንም እንዳይገላምጠው፤ ለቅሶ ደራሽ ነው።

የሰጠን ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ያድልልን። አሁን የተቀመጠ ሁሉ ይነሣ። ሣጥኑ ከባድ ነው፤ ትከሻ ይፈልጋል።