ስለ ማስተዋል አሥራ አራት ቀናት

ሰኔ 29 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወረዳችን ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የማኅበራዊ ሠራተኛዋ የወይዘሪት ማስተዋል ታደሰ እገዳ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

አመልካች ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ገብስ እያረስኩ የምኖር ነኝ። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና የምጽፈው በዝግታ ነው፤ ይታገሱኝ።

1. ግንቦት 30 ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች ወደ ደጄ መጡ። በኮሮናው ምክንያት አፋቸውን ሸፍነው፣ ተራርቀው ከእርሻው ዳር ቆሙ። መርዶ መሆኑን ሳላውቅ «ምነው ጋሼ ደሳለኝ፣ እንደ ውቂያ በሬ አፋችሁን ማን አሰራችሁ? ውቂያው እኮ ገና ነው» ብዬ ሳቅሁ። ዓረብ አገር ትሠራ የነበረችው ልጄ እቴነሽ በዚሁ በሽታ ማረፏንና እዚያው መቀበሯን የነገረችኝ አብራቸው የመጣችው ማስተዋል ናት። ሳቄ ከፊቴ ሳይጠፋ ሰማሁት።

2. ርቀት ጠብቁ የተባለው ለጤናችን እንደሆነ አውቃለሁ። መሬት ላይ ስወድቅ ግን ቀርባ ያነሳችኝ እሷ ብቻ ናት። ከዚያም «እርስዎን ከነካሁ ወዲህ ሌላ ሰው ቤት አልገባም» ብላ አሥራ አራት ቀን ከእኔ ዘንድ ተቀመጠች። ለቢሮው ደውላ ስታሳውቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእገዳው ደብዳቤ ግን ከሥራ ቀርታለች ይላል። ክቡርነትዎ፣ ሥራ ላይ ነበረች።

3. «በሐዘን ቤት ስቃለች» ለተባለው ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን የእቴነሽን ነገር አነሳሁባት። ልጄ አንድ ጊዜ ደውላ «እማ፣ የአሠሪዬን ድመት በሞቀ ውኃ እያጠብኩ ነው፤ ክርስትና ልናነሳት ነው መሰል» ብላኝ ነበር። ማስተዋል አፏን በነጠላ ብትይዝም ትከሻዋ ከዳት፤ እኔም ባስኩባት፤ ሁለታችንም መደቡ ላይ ተንከባለልን። በአጥሩ ሥር ያለፈች ጎረቤት ሰምታ ከሰሰቻት። እህል የቀመስኩት በዚያ ቀን ነው። ይህን ስጽፍም ሳቁ እየመጣ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ።

4. ስለዚህ እገዳው እንዲነሳ፣ ቀናቱም የሥራ ቀናት ተብለው እንዲጻፉላት እለምናለሁ። በደንባችሁም ላይ በመርዶ ጊዜ አንድ ሰው ሐዘንተኛውን ደግፎ አብሮት ይቆይ የሚል ይጨመርልን። በሽታው ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ ሲዘጋ፣ ከሐዘንተኛ ጋር አብሮ የሚዘጋ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የፊታችን ሐሙስ ጉዳዩ ሲታይ ምስክር ሆኜ ልቅረብ። የድመቷን ነገር ከጠየቁኝ ግን መሳቄ አይቀርምና ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ።

ከትሕትናና ከሰላምታ ጋር

የሺ ዓለምነው
(ፊርማ)

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ልጄ ያለ ፍትሐት በሰው አገር ተቀብራለችና ክርስትና ስሟን ወለተ ሐና ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቧት።